ትልቅ ጎማ ያስገጠመ ፒካፕ ስንት ንፋስ ይሞላ? ከደሴ እስከ ባቲ ለምንነዳ

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ጎማ ላስሞላ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንድ ፒካፕ አለ። ጎማው አዲስ ነው፤ ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ጥርሱ የጎላ። ጎሚስታው ወጣት ልጅ ነው። ቱቦውን እንደያዘ ቀና አለና ባለመኪናውን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ስድሳ ላድርገው?»

«ስድሳ አይበዛም ልጄ?»

«ኧረ አይበዛም! ጎማው ላይ ሰማንያ ይላል። ትልቅ ጎማ እኮ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉት። አራቱም ጎማ ስድሳ ተሞላ። መኪናው ባዶ ነበር።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠጋ ብዬ አዋራኋቸው። እኔም በዚሁ አልፌያለሁና። ከዓመታት በፊት ፒካፔ ላይ ትልቅ ጎማ ሳስገጥም «ትልቅ ጎማ ብዙ ንፋስ ይፈልጋል» ተባልኩ፤ አመንኩ፤ ስድሳ ሞላሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት በባዶ መኪና ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ስወርድ ጉም ነበር፣ አስፋልቱም ርሷል። ኩርባ ላይ ፍሬን ስነካ የኋላው ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተ። ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ያቺ ግማሽ ሜትር ግን እስከዛሬ አልረሳኋትም። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ መሃላቸው ተበልቶ ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ቀረ። የጎማ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህም ቀላል ሐዘን አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ንፋስ የሚጠይቀው የጎማው ትልቅነት ሳይሆን ጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ነው። ትልቅ ጎማ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ አየር ይገባዋል። ጌጁ፣ ማለትም የንፋስ መለኪያው፣ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ትንሽና ትልቅ ጎማ እኩል ቁጥር ቢሞሉ፣ ትልቁ የበለጠ ክብደት ይሸከማል።

«ቁጥር» ስል ጎሚስቶቻችን የሚጠቀሙበትን ፒኤስአይ ማለቴ ነው። ጌጃችሁ በባር የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። በኪሎፓስካል ከሆነ ደግሞ 100ው 1 ባር ነው።

ደረጃ 1፦ የሾፌሩን በር ክፈቱ

በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የጎማ መጠንና የንፋሱ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የፊትና የኋላው ለየብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የባዶና የጭነት ተብሎ ተለይቷል።

ይህ ቁጥር የተሰጠው ለድሮው ጎማ ነው። ለአዲሱ በቀጥታ ላይሠራ ይችላል። ግን መነሻችን እሱ ስለሆነ ጻፉት። ወረቀቱ ተልጦ ከጠፋ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ደረጃ 2፦ የጎማውን ጎን አንብቡ

ጎማው ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ዓይን ይሸውዳል። በጠመኔ ስታሹት ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው መጠኑ ነው። ለምሳሌ 265/65 አር 17። 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር (ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመቱ) በኢንች ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው የጎማው ዓይነት ነው። ከመጠኑ በፊት «ኤልቲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው። ጎኑ ወፍራም ነው፣ ብዙ ክር አለው፣ ድንጋይ ይችላል። ከመጠኑ በኋላ «ሲ» የሚል ፊደል ካለም ለጭነት የተሠራ ነው። ሁለቱም ከሌሉ መደበኛ ጎማ ነው። ልዩነቱ ለምን ያስፈልገናል? የኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመደበኛው ከፍ ያለ ቁጥር ይፈልጋል። «ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ንፋስ ቢያንሰውም ችግር የለም» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ተሳስቷል። ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን አየሩ ነው። ወፍራም ጎን ንፋስ ሲያንሰው እየተጣጠፈ ይግላል፤ ውፍረቱ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

ሦስተኛው የመጨረሻ አቅሙ ነው። ትንንሽ ፊደላት ላይ ለምሳሌ «1450 ኪሎ በ80 ፒኤስአይ፣ በቀዝቃዛ» የሚል ታገኛላችሁ። ያ ልጅ ያየው ሰማንያ ይህ ነው። ትርጉሙ «ይህን ሙላ» ማለት አይደለም። «1450 ኪሎ ልታሸክመኝ ከፈለግህ 80 ያስፈልገኛል፤ ከዚያ በላይ ግን አትሙላብኝ» ማለት ነው። አንድ ጎማ 1450 ኪሎ ሲሸከም አራቱ 5800 ኪሎ ይሸከማሉ። የእኛ ፒካፕ ከነጭነቱ የዚያን ግማሽ ገደማ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የተመረተበትንም እዩ። አራት አኃዝ ነው። 2319 ከሆነ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ክብደታችሁን እወቁ

እዚህ ላይ ሰው ይሰንፋል። ግን ሙሉው ነገር የቆመው በዚህ ነው። የጭነት መኪና ሚዛን ካገኛችሁ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ በተለመደው ጭነታችሁ አስመዝኑ። ጠቅላላው ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡ። ያገኛችሁትን ለሁለት ስታካፍሉት የአንድ ጎማ ድርሻ ይወጣል።

ሚዛን ከሌለ ግምት ይሠራል። ባለሁለት ጋቢና ፒካፕ ባዶውን ሲሆን ሞተሩ ፊት ስላለ የፊቶቹ ይከብዳቸዋል። ጭነት ሲጫን ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የኋላዎቹ ላይ ያርፋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። 7 ኩንታል እህል ጭናችሁ ከሆነ የኋላዎቹ ላይ ወደ 700 ኪሎ ጨመራችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው የተሳፋሪውን፣ የብረት መከላከያውንና የጣሪያውን ዕቃ ነው። እነሱም ይመዝናሉ።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ

አዲሱ ጎማ እንደ ድሮው መደበኛ ዓይነት ከሆነና የመሸከም አቅሙ ከድሮው ካላነሰ፣ ሥራው አልቋል። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሙሉ። ጎማው ስለተለቀ ምንም አትጨምሩ።

ወደ ኤልቲ ከቀየራችሁ ግን እንዲህ አስሉ። ጎማው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ንፋስ በአንድ ጎማ ድርሻ አባዙት፤ ከዚያ ጎማው ላይ ለተጻፈው የመጨረሻ ክብደት አካፍሉት።

የእኔን ልንገራችሁ። ጎማዬ ኤልቲ 285/70 አር 17 ነው። 1450 ኪሎ በ80 ይላል። ጭነት ስጭን የኋላዎቹ በጠቅላላው 1600 ኪሎ ይይዛሉ፤ ለአንዱ 800። ስለዚህ 80 ሲባዛ በ800፣ ሲካፈል ለ1450፣ 44 ይመጣል። ለፊቶቹ በነፍስ ወከፍ 600 ኪሎ ይዤ ሳሰላ 33 መጣ። ባዶ ሲሆን ለኋላዎቹ 450 ኪሎ፤ ይህ 25 ይሰጣል።

25ን ግን አልቀበለውም። የጎማ ፋብሪካዎች በየንፋሱ መጠን ጎማው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የሚያሳዩበት ሠንጠረዥ አለ፤ የኤልቲው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ35 ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ የኤልቲ ጎማ ከ35 በታች አልነዳም፤ እናንተም አትንዱ። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ከ35 የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ የማትወርዱበት ወለል እሱ ነው።

ይህ ስሌት ትንሽ ወደ ላይ ያጋድላል። የፋብሪካው ሠንጠረዥ ለተመሳሳይ ክብደት ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ማጋደሉ ወደ ደኅናው በኩል ስለሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። የጎማችሁን ሠንጠረዥ ካገኛችሁ እሱን ተከተሉ።

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። ሐረጎን ከነጭነት ስትወርዱ መኪናው አፍንጫውን ይደፋል። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ከነጭነት የፊቶቹን ከስሌቱ፣ ስሌቱ ከወለሉ ካነሰም ከወለሉ፣ 2 ወይም 3 ከፍ አደርጋለሁ። የእኔ ቁጥሮች በመጨረሻ እንዲህ ሆኑ፦ ባዶ ከሆነ ፊት 36 ኋላ 35፤ ከነጭነት ፊት 38 ኋላ 44። ይህ የእኔ መኪና ነው። የእናንተን ራሳችሁ አስሉ።

ደረጃ 5፦ በቀዝቃዛው ሙሉ

የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ለቀዝቃዛ ጎማ ናቸው። ቀዝቃዛ ማለት ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ያልሄደ ነው። ጎማ ሲሄድ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ከ4 እስከ 6 ይጨምራል። ይህ ጤነኛ ነው። ከጉዞ በኋላ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱት። ሲበርድ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ጎሚስታው ሩቅ ከሆነስ? የራሳችሁን ጌጅ ግዙ። ጠዋት ግቢያችሁ ውስጥ ለኩ። 35 ፈልጋችሁ 31 ካነበባችሁ የጎደለው 4 ነው። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ ሞቆ 33 ቢያነብ፣ 4 ጨምራችሁ 37 አስሞሉ። የሁለት ጎሚስቶች ጌጅ ሲለያይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚያስተማምነው ሁልጊዜ በአንድ ጌጅ መለካት ነው።

አሁን ወደ እኛ ተራራ እንምጣ። «ቆላ ስለምወርድ ላስተንፍሰው» የሚል ሾፌር ብዙ ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ናት። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጌጅ የሚለካው ጎማው ውስጥ ባለው አየርና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ጌጁ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ በዚህ ምክንያት 1 ቁጥር ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ኮምቦልቻ ይሞቃል። 6 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ 1 ቁጥር ገደማ ይጨምራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል። ይህን መጀመሪያ በወረቀት አስልቼ፣ ቀጥሎ ደሴ ለክቼ፣ ኮምቦልቻ አሳድሬ ጠዋት ስለካው ያው ነበር። ደስ ብሎኛል።

በባቲ አድርጋችሁ ሚሌ ብትወርዱም እንደዚያው ነው። ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታው 3 ቁጥር ይወስዳል። ደሴ ጠዋት 12 ዲግሪ ሆኖ ሚሌ 38 ቢሆን ሙቀቱ 4 ቁጥር ይመልሳል። ልዩነቱ 1 ነው። ለዚህ ብሎ ማስተንፈስ አያስፈልግም። እንዲያውም አደጋው በተቃራኒው ነው። በዚያ ሙቀት፣ ከነጭነት፣ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ነው እየተጣጠፈ ግሎ የሚፈነዳው።

የሚያሳስት ሌላ ነገርም አለ። ኅዳር ላይ በቀትር ኮምቦልቻ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 35 ሞልታችሁ ደሴ ገባችሁ እንበል። በማግስቱ ጠዋት ውርጭ ነው፤ 6 ዲግሪ። ስትለኩ 32 ታገኙታላችሁ። ጎማው አልተበሳም። ለጠዋቱ ብርድ የጎደለውን ሙሉና ተረጋጉ።

ደረጃ 6፦ በጠመኔ አረጋግጡ

ስሌት ወረቀት ነው፤ ጎማው ራሱ ይናገር። የተለመደ ጭነታችሁን ጭናችሁ ጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የጠመኔ መስመር አስምሩ። በደረቅ፣ ሜዳ አስፋልት 50 ሜትር ያህል ቀጥ ብላችሁ ንዱ። መሪ አታዙሩ። ከዚያ ወርዳችሁ እዩ።

መሃሉ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል። ትከሻዎቹ ጠፍተው መሃሉ ከቀረ አንሷል። እኩል ከጠፋ ጥሩ ነው። ከበዛ 2፣ 2 እየቀነሳችሁ ድገሙት። ግን ከስሌቱ ከ4 በላይ አትውረዱ፤ ወለሉንም አትለፉ። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ከተገጠመ መሃሉ በተፈጥሮው ያብጣል። ያን ጊዜ ጠመኔውን አምናችሁ ብዙ ብትቀንሱ ትጎዳላችሁ።

ደሴ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሜዳ መፈለግ ድካም ነው። ከተማው ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ላይ የተሠራ የጠመኔ ሙከራ ያታልላል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ብትሠሩት ይሻላል።

ሁለተኛ ማረጋገጫም አለ። ቀዝቃዛውን ለኩ፤ ከነጭነት ወደ ሐርቡ በኩል ግማሽ ሰዓት ንዱ፤ ቆማችሁ ወዲያው ለኩ። ከ4 እስከ 6 ከጨመረ ልክ ናችሁ። 8 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ጎማው ከልክ በላይ ግሏል። ወይ ንፋሱ አንሷል ወይ ጭነቱ በዝቷል። ይህን ሐረጎን እንደወረዳችሁ ግን አትሞክሩት። የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይገባና ቁጥሩን ያሳብጣል።

ደረጃ 7፦ ከአስፋልት ስትወጡ

ወደ ተንታ ወይም ደላንታ ገጠር ገብታችሁ ኮረኮንች ስትጀምሩ ከአስፋልቱ ቁጥር ከ15 እስከ 20 በመቶ መቀነስ ይቻላል። 36 የነበረው 30 ገደማ ይሆናል። ጎማው ድንጋዩን ያቅፈዋል፤ መኪናው አይዘልም፤ ባሌስትራውም ያርፋል። ግን ሁለት ግዴታ አለ። ፍጥነታችሁ ከ50 በታች ይሁን። አስፋልት ላይ ስትመለሱ ደግሞ መልሳችሁ ሙሉ፤ ለዚህ ከመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር መያዝ ግድ ነው። ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ አትቀንሱ።

ሙሉ ጭነት ካለም አልቀንስም። ስለታም ድንጋይ የበዛበት ቦታ ላይም እንዲሁ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ይወጣና ይቀደዳል። ጥርስ ይጠገናል፤ የተቀደደ ጎን ግን አይጠገንም።

ጭቃ ላይ ተይዛችሁ ከሆነ በባዶ መኪና እስከ 20 ወርዳችሁ ቀስ ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እንደወጣችሁ ሙሉ።

ደረጃ 8፦ ጻፉት

ቁጥራችሁን በነጭ ፕላስተር ላይ ጻፉና የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ ከፋብሪካው ወረቀት አጠገብ ለጥፉ። የባዶውንም የጭነቱንም። ጎሚስታው ሲጠይቃችሁ በሩን ከፍታችሁ ማሳየት ነው።

በየ15 ቀኑ ለኩ። ረጅም መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ጠዋትም ለኩ። የቫልቩን ክዳን አትጣሉ፤ አቧራ ከገባ ቀስ በቀስ ያስተነፍሳል። ጎማ ስትቀይሩ ፍጥነት መለኪያው መሳሳቱንም አስቡ። ከ265/65 ወደ 285/70 ስትሄዱ ጎማው በቁመት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መለኪያው 80 ሲል እናንተ 86 ገደማ እየነዳችሁ ነው። ፍጥነት ደግሞ ሙቀት ነው።

ከታች የተሰቀለውን ትርፍ ጎማም አትርሱ። እሱን ከሁሉም ከፍ ባለው ቁጥር ሙሉት፤ በእኔ ስሌት 44 መሆኑ ነው። ፊት ከገባ ትቀንሱለታላችሁ። ጨለማ ላይ፣ ባቲ መንገድ ዳር፣ ክሪክ አንስታችሁ ባዶ ትርፍ ጎማ ማውረድ በማንም አይድረስ።